ሁለት እጥፍ ወረቀት

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲያወራ በጨለማ ነው የሚወጣው። ጨረቃ ገብታለች፣ ውሻ አይጮህም፣ እናት በር ላይ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። እኔ ከዲላ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ጭነት መኪና ላይ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ከተማው ሁሉ እያየኝ። ማታውን ያልጠበቅኩት ፖሊሶቹ ማታ እንደሚመጡ ስለማውቅ ነው። የነገረኝም ከፖሊሶቹ አንዱ ነው። ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆመና፣ «ማታ ልንይዝህ እንመጣለን፤ ቤት ሁን፣ እንዳታንከራትተን» አለኝ፤ ለሠርግ የሚጠራኝ ነበር የሚመስለው። «እሺ» አልኩት።

ስንቅ አልያዝኩም፤ ጋቢም አልያዝኩም። ከሸሚዜ ሥር፣ ከሆዴ ጋር ተጣብቆ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመኪና ካምቢዮ ውስጥ ያወጣሁት፣ ዘይት የጠጣ፣ ጠርዙ የተኮማተረ ብራና። በቡና ናሙና ከረጢት ወረቀት ጠቅልዬዋለሁ።

አገር ቤት ያላችሁት ስለ እኔ የተወራውን ሰምታችኋል። «በራሶ የግራዝማችን መኪና ሆን ብሎ አበላሸ፤ ሊገድላቸው ነበር፤ ሲነቃበት ጠፋ» ነው የተባለው። እዚህ ናይሮቢ ያላችሁት ደግሞ ባገኛችሁኝ ቁጥር፣ «አንተ ለምን አትመለስም? አንተን ማን ይፈልግሃል?» ትሉኛላችሁ። ለሁለታችሁም አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ጽፌም የሚበርድልኝ አይመስለኝም።

አባቴ ወናጎ አጠገብ ቡናና እንሰት ያለማል። ቡናውን የተከለው አያቴ ነው፤ መሬቱ ግን የባለርስቱ የግራዝማች ነው ተባለ፤ እኛ ጭሰኞች ሆንን። እኔ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ ዲላ ጋራዥ ገባሁ። የጋራዡ ባለቤት ዘለቀ ይባላል፤ ማስትሮ ነው የምንለው። አባቱ ጎጃም ውስጥ የታወቁ መሪጌታ ነበሩ፤ እሱ ግን ከጣሊያኖች ሥር ገብቶ መካኒክነት ለቀመ። እጁ ግሩም ነው፤ ይህን አልክድም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ አንቱ ነበር የምለው። አሁን እሱ እያልኩ የምጽፈው አውቄ ነው።

የግራዝማች መኪና ጣሊያን ሲሸሽ ጥሏት የሄደ ጥቁር የቤት መኪና ናት። መለዋወጫዋ በአገሩ የለም። ካምቢዮዋ ማልቀስ ጀመረ፤ ዘይትም ማንጠባጠብ ጀመረች፤ ማስትሮም «ክፈታት» አለኝ።

ካምቢዮ ማርሾቹ የሚቀመጡበት የብረት ሣጥን ነው። ክዳኑ ሲገጠም በብረትና በብረት መሀል ስስ ንጣፍ ይገባል፤ እሱን ጓርኒሲዮን እንለዋለን። ሰው ዘይት እንዳይፈስ ብቻ የሚገባ ይመስለዋል። አይደለም። በዚያች መኪና ላይ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ከፊት የሚደግፈው ክዳኑ ነው። ንጣፉ ከወፈረ ዘንጉ ወዲያ ወዲህ ይጫወትና ማርሹ ይዘላል። ከሳሳ ክዳኑ ኩሽኔታውን ይጨብጠዋል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ይነክሳል። የሚሆነው ውፍረት አንድ ብቻ ነው፤ ያንን ውፍረት ማግኘት ነው ሙያው።

አሮጌው ጓርኒሲዮን እጄ ላይ ፈረሰ፤ ልለካው አልቻልኩም። ስለዚህ መሞከር ጀመርኩ። የሲሚንቶ ከረጢት ሞከርኩ፤ ሳሳ። የደብተር ልባስ ሞከርኩ፤ ዘይት ሲነካው ላመ። የሳሙና ካርቶን በጣም ወፈረ። ከዚያ የቡና ነጋዴዎቹ ናሙና የሚልኩበት ቡናማ ከረጢት ትዝ አለኝ። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ክዳኑ ላይ አንጥፌ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያልኩ እየመታሁ ቆረጥኩት። በአንድ እጥፍ ዘንጉ ያዘ። በሦስት ተንገጫገጨ። በሁለት እጥፍ ስገጥመው ግን ዘንጉ በሁለት ጣቴ ዞረ፤ ስገፋው ፍንክች አላለም። ማስትሮን ጠራሁት። ራሱ አዞረው፣ ገፋው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው። «እሰይ» አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው እሰይ ያለኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግራዝማች መጡ። ክዳኑ ገና አልታሰረም፤ ወረቀቱ ይታያል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ጓርኒሲዮን ነው ጌታዬ። ወረቀት ነው» አልኳቸው።

«የምን ወረቀት?»

«የቡና ናሙና ከረጢት።»

እኔን አላዩኝም፤ ማስትሮን ነው ያዩት። «ዘለቀ፣ የኔን መኪና በቡና ከረጢት ልትለጥፋት ነው? እኔ ገበሬ ነኝ?»

ማስትሮ ሳቀ። ሳቁ ገና ያኔ ነው ያልጣመኝ።

በማግስቱ ግራዝማች ነጭ ጨርቅ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። ጨርቁን ሲገልጡት አንድ ቅጠል ብራና ነው። የጸሎት መጽሐፍ እያስጻፉ ነበርና ጸሐፊው አንዱን ቅጠል ተሳስቶበት ወደ ጎን ትቶታል። ግማሹ በጥቁር ተጽፏል፤ የክርስትና ስማቸው በቀይ ቀለም፣ «ለገብርከ ወልደ ሥላሴ» ተብሎ ገብቷል።

«ይሄን አድርግበት» አሉ። «ቆዳ ነው፣ አይቀደድም። ጸሎትም አለበት፤ ከገደልም ከሽፍታም ይጠብቀኛል።»

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። «ጌታዬ፣ ብራና በአንገት በኩል ይወፍራል፣ በሆድ በኩል ይሳሳል። ክዳኑ ይንጋደዳል። ዘይቱ ሲግል ደግሞ ይኮማተራል።»

«አንተ የሚሲዮን ልጅ አይደለህም እንዴ? ብራና ምን እንደሆነ አንተ ልትነግረኝ?»

ማስትሮን አየሁት። እሱ መካኒክ ነው፤ ኩሽኔታው ምን እንደሚሆን ያውቃል። የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ጸሎት ያለበት ብራና ግሪስ ውስጥ እንደማይገባም ያውቃል። ከሁለት ወገን የሚያውቅ ሰው ከኔ በላይ መጮህ ነበረበት። ብራናውን በሁለት እጁ ተቀበለና፣ «እንግዲህ ግራዝማች ካሉ» አለ።

እነዚያን ሦስት ቃላት እስከ ዛሬ እሰማቸዋለሁ። እንግዲህ ግራዝማች ካሉ! እኔ መዶሻ አልነካሁም። የቆረጠውም፣ የገጠመውም፣ ቡሎኑን ያሰረውም እሱ ራሱ ነው። ቀዩ ስም በሁለት የቡሎን ቀዳዳ መሀል ቀረ።

በአራተኛው ቀን ግራዝማች ከጠቅላይ ግዛቱ የሚመጡ ሹም ሊቀበሉ ካባቸውን ለብሰው ወደ ይርጋጨፌ ተነሡ። ወናጎ ሲደርሱ ዘይቱ አለቀ፤ ካምቢዮው ነከሰ፤ መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ዝናብ ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ሕዝብ ከበባቸው። በመጨረሻ የመጣላቸው መኪና ቡና የጫነ ነበርና የቡና ከረጢት ነውር የሆነባቸው ሰውዬ ካባቸው ረጥቦ በቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሹሙ ፊት ደረሱ። ጭሰኛው ሁሉ ሳቀ ይባላል። አባቴ እኔ አልሳቅኩም ብሎ ይምላል። ቢስቅ ደስ ይለኝ ነበር።

መኪናዋ ተጎትታ መጣች፤ ካምቢዮውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ብራናው በሆድ በኩል ቋንጣ ሆኗል። ማስትሮ አጠገቤ ቆሞ፣ «አቃጥለው» አለኝ በቀስታ።

«ጸሎት ያለበትን አላቃጥልም» አልኩትና ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።

ሦስት ቀን አልቆየም፣ ክሱ መጣ። ያ ሰሞን ጭሰኛ አደመ፣ ጭሰኛ ሸፈተ የሚባልበት ነበር፤ ለሹም ጆሮ የሚጥም ሌላ ወሬ አልነበረም። «የደራሳው ተወላጅ በራሶ የተባለው፣ ለጌታው ባለው ጥላቻ፣ በካምቢዮ ውስጥ የማይሆን ወረቀት በማድረግ» ይላል ወረቀቱ። እኛ ራሳችንን ጌዴኦ ነው የምንለው፤ ደራሳ የሚለን ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ስማችንን እንኳ አስተካክሎ አልከሰሰንም። ግራዝማች ስለ ብራናው ትንፍሽ አላሉም። ቄሱ ቢሰማ በምን ፊታቸው ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ? ምስክሩስ ማን ነው? ማስትሮ ዘለቀ። «ወረቀቱን የቆረጠውም የገጠመውም በራሶ ነው፤ እኔ አላየሁም» ብሎ ፈረመ።

ሄድኩበት። እጁን በጋዝ እየታጠበ ነበር።

«ማስትሮ፣ ብራናውን ላሳያቸው?»

«ካሳየህማ አለቀልህ። የጸሎት ብራና ሰርቆ ግሪስ ውስጥ የለወሰ የሚሲዮን ልጅ ትባላለህ። ማን ያምንሃል?»

«እርስዎ ከተናገሩ ሁሉም ያምናል።»

«ልጆች አሉኝ፣ በራሶ» አለኝ። «ጋራዡም የቆመው በግራዝማች መሬት ላይ ነው።»

እውነቱን ነው። ይበልጥ ያቃጠለኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ነጻ የሚያወጣኝ ነገር ሆዴ ላይ ታስሯል፤ እሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ካልጨመረበት ግን ያው ነገር ያስገድለኛል። እሱ እስኪናገር ድረስ አገሬ መግባት አልችልም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከዲላ ሃገረ ማርያም፣ ከዚያ ያቤሎ፣ ከዚያ ሞያሌ። እየወረድን ስንሄድ እንሰቱ ጠፋ፣ ጥላው ጠፋ፣ አፈሩ ቀላ፣ ግመል መጣ። ሞያሌ በኛ በኩል ያለው ዘበኛ ፈተሸኝና ብራናውን አወጣው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመኪና ዕቃ ነው።»

«መኪናው የት አለ?»

«ዲላ።»

«ዕቃው ያለ መኪናው የት ይሄዳል?»

ከዚያ ቀዩን ቀለም አየ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ብራናውን ግንባሩ ላይ አደረገ፣ ሳመው። «አባቴ፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ» ብሎ መለሰልኝና መንገዱን በእጁ አሳየኝ። ባለቤቱን ወናጎን ያላሳለፈ ብራና እኔን ጠረፍ አሳለፈኝ። ግሪሱ ከንፈሩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አልነገርኩትም።

በኬንያ በኩል ያኔ መኪና የሚሄደው በወታደር አጀብ ነው። አቧራ እየዋጥኩ፣ አንድ ቃል ሳልሰማ ናይሮቢ ገባሁ። የስደተኛ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቅጽ የሚሞላው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«አገርህን የለቀቅክበት ምክንያት? ጦርነት፣ ፖለቲካ፣ ወይስ ሃይማኖት?»

አሰብኩ። ጭሰኛ አደመ ተብያለሁ፤ ጸሎት አረከስክ ልባልም ነበር። «ጓርኒሲዮን» አልኩት።

«እሱ ቅጹ ላይ የለም።»

«እንግዲያው ሁሉንም ጻፈው።»

«ሁሉንም አይቻልም። መስመሩ ጠባብ ነው።» ብዙ አሰበና አንድ ቃል ጻፈ፤ አስተርጓሚውን ምን አለ ብለው፣ «ፉንዲ» ብሎሃል አለኝ። ፉንዲ ማለት ባለሙያ፣ መካኒክ ማለት ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ ስለ እኔ የተጻፈ የመጀመሪያው እውነት እሱ ነው።

ኢስትሊ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ማማ ንጄሪ ብራናውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬው አየችና በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ወደ ውስጥ አንድ እግር አላነሳችም።

«ይሄን ቆዳ ከቤቴ አውጣ። ድግምት አልፈልግም።»

«ማማ፣ ከመኪና የወጣ ነው።»

«መኪና ቆዳ የለውም! ሞኝ መሰልኩህ?»

እሷ ያየችውን ግራዝማች አላዩትም። ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት፤ የወንድሟንም መኪና ስሠራላት ዝም አለች።

ኑሮው ይለመዳል ይላሉ። እኔ አልለመድኩትም፤ ችዬው ነው ያለሁት። ኡጋሊ የሚባለው ምግባቸው ሲያዩት ዋሳ፣ የኛን የእንሰት ምግብ፣ ይመስላል። ያን ከጉድጓድ የወጣ የእንሰት ሽታ ጠብቄ ስጎርሰው ምንም አይልም፤ አፍ ይሞላል እንጂ አይናገርም። ቡና አብቃይ አገር ሆኖ ጠዋት ማታ ወተት የበዛበት ሻይ ነው። ብርዱ ደረቅ ነው፤ የዲላ ብርድ ጭቃ አለው፣ ጭስ አለው፣ ሰው አለው። ከሁሉ ያስጠላኝ ሰላምታቸው ነው። «ሃባሪ» ትለዋለህ፣ «ምዙሪ» ይልሃል፤ አለቀ፣ አለፈ። የአባትህን ጤና፣ የልጆችህን፣ የከብትህን፣ የዝናቡን የሚጠይቅህ የለም። መንገድ ላይ ቆሜ ቀሪውን የምጠብቅበት ጊዜ ነበር።

ሥራ ያገኘሁት አንድ ሕንድ ሽማግሌ ጋራዥ ነው። ግድግዳው ሙሉ ጓርኒሲዮን ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ በውፍረቱ፣ በየምስማሩ። የፀጉር ውፍረት እንኳ የሚለካ መሣሪያም አለው። አንድ ቀን ቆርቆሮዬን ይዤ ሄድኩና ብራናውን የጠቀለልኩበትን የናሙና ወረቀት አጥፌ ለካሁት። ሽማግሌው ከአሮጌ ካታሎግ የዚያችን መኪና ፈለገልኝ። ፋብሪካው ያዘዘው ውፍረትና የኔ ሁለት እጥፍ አንድ ናቸው። ከንዴት ብዛት እንባዬ መጣ።

«ምን ሆንክ?» አለኝ።

«ልክ ነበርኩ» አልኩት።

«ታዲያ ልክ የነበረ ሰው ያለቅሳል?» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለማስትሮ ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት፤ አልመለሰም። በስድስተኛው ዓመት በስልክ ልይዘው ቆረጥኩ። ዲላ ስልክ ቤት መስመሩ ሲደክም ስልከኛዋ የሰማችውን ጮክ ብላ ትደግመዋለች፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። ድሮ እንስቅበት ነበር። አሁን ግን የፈለግኩት ያንኑ ነው። ማስትሮ በሕዝብ ፊት፣ «ብራናውን ያመጡት ግራዝማች ናቸው» ይበል፤ አባቴም አጠገቡ ቆሞ ይስማ። ለአጎቴ ልጅ ጽፌ ቀኑን ቆረጥኩ፤ ሁለቱንም እንዲያመጣልኝ። አባቴ ከወናጎ በእግሩ መጣ። የተፈቀደልኝ ሦስት ደቂቃ ነው።

ስልኩ ብዙ ካንቋረረ በኋላ የማስትሮ ድምፅ መጣ፤ አርጅቷል።

«ሃሎ! በራሶ! እንደምን ነህ ልጄ? ደኅና ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው? አገሩ እንዴት ነው? ይበርዳል ወይ? ዝናቡስ? ሰዎቹ ደጎች ናቸው?»

እያንዳንዱን መለስኩ። ሳይመለስ አይቻልም፤ አፌ ራሱ ነው የሚመልሰው። ስድስት ዓመት የናፈቅኩት ሰላምታ አንዱን ደቂቃ በላብኝ።

«ማስትሮ!» አልኩ በመጨረሻ። «ብራናውን ማን አመጣው? እዚያ ላሉት ይንገሩልኝ!»

«አልሰማሁህም!»

ስልከኛዋ ገባች። «ብራናውን ማን አመጣው ይላል!» ብላ ጮኸች።

ከኋላው ያለው ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በራሶ» አለ፤ «ያቺ መኪና እንደገና እኔ ጋ መጥታለች። ካምቢዮው ተከፍቷል። ያደረግኩት ሁሉ እንቢ አለኝ። ያ ወረቀት... ስንት እጥፍ ነበር?»

«ወረቀቱ ስንት እጥፍ ነበር ይላል!» አለች ስልከኛዋ።

የምለው ብዙ ነበረኝ። ስድስት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። መጀመሪያ ብራናውን ያመጣውን ሰው ስም ጥራ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ሌላ መያዣ የለኝም። ግን የተከፈተው ካምቢዮ ታየኝ፤ ዘንጉ፣ ኩሽኔታው፣ የተንጋደደው ክዳን። «ሁለት እጥፍ ነው» አልኩት። «ሦስት እንዳያደርጉት። ግሪሱን በስሱ ይቀቡት።» አንቱ እያልኩት ነው፤ ያኔም።

«ሁለት እጥፍ ነው ይላል! ሦስት እንዳያደርጉት ይላል!»

«እሰይ» አለ ማስትሮ።

«አባቴ አለ?»

«አለ፤ ይኸው እያቀበልኩት ነው።»

አባቴ በሕይወቱ ስልክ ይዞ አያውቅም። የት በኩል እንደሚናገሩበት ማንም አላሳየውም መሰለኝ፤ ትንፋሹ ብቻ መጣ፣ ዳገት እንደወጣ ሰው። «አባ» አልኩት። «አባ፣ እኔ ነኝ።» የናይሮቢዋ ስልከኛ ሦስት ደቂቃዎ አልቋል ብላ ቆረጠችው።

እዚያ ስልክ ቤት ከቆሙት አንዱ እንኳ፣ «በወረቀት መኪና አበላሸ የተባለውን ሰው ወረቀቱ ስንት እጥፍ ነበር ብሎ ይጠይቃል እንዴ?» ብሎ አስቦ ይሆን? አላውቅም። ጻፉልኝ ብዬ ለምኜ ነበር፤ እስካሁን የጻፈልኝ የለም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ መኪናዋ አሁን ትሄዳለች። ማስትሮ ውፍረቱን ካወቀ ቆረጣው አይሳሳትም። ግራዝማች በቡና ከረጢት ላይ ተቀምጠው፣ ሳያውቁት፣ ሳትንተባተብባቸው ወናጎን ያልፋሉ። አባቴም መንገድ ዳር ቆሞ እጅ ይነሳቸዋል።